ሰባት ጋጋሪዎች በሁለት ዙር

በዳቦ ቤቱ አንዱን ጋጋሪ «ሚዛን» የሚሉት ሊጥ ሲቆርስ እጁ ስለማይሳሳት ነው። ሚስቱ ግን «እኛ ቤት ሲደርስ ይሰበራል፤ ወጥ ላይ ጨው ያበዛል» ትላለች።

የሰባቱን ጋጋሪዎች የምድጃ ተራ ያወጣው እሱ ነው። በሳምንቱ ሰባት ቀን፣ በየቀኑ ሦስቱ ምድጃ ላይ ይቆማሉ፤ የቀሩት ያቦካሉ። ድሮ ወዳጅና ወዳጅ እየተጠራራ አብሮ ይቆምና የሌላውን ሥጋ ሲበላ ይውል ነበር። ሚዛን ማንኛውም ሁለት ሰው በሳምንት አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ አብሮ እንዲቆም አደረገ። ሐሜቱ ባለቤት አጣ። እንዴት ያለ ውብ ድልድል ነው!

ዘንድሮ ሩቅ ከተማ ያለችው ልጁ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ነው። አሠሪያቸው ደግሞ እንዲህ አለች፦ «እረፍት በሁለት ዙር ውጡ። ጎዶሎውን በጊዜያዊ ሠራተኛ እሞላለሁ። ግን ምድጃው ላይ በየቀኑ ቢያንስ አንድ ነባር ይኑር፤ አለዚያ ማንም አይወጣም።»

ሚዛን ሰባት ድብልብል ሊጥ ደረደረ። ዱቄት የነሰነሰበት አንደኛ ዙር፣ ያልነሰነሰበት ሁለተኛ ዙር። አንዱን ሲያስተካክል ሌላው ይበላሻል፤ ሁልጊዜ የአንድ ቀን ሦስት ሰዎች ባንድ ዙር ይገጥማሉ።

«ጋሼ፣ ሊጡ ኩፍ አለ እኮ!» አለችው ከጋጋሪዎቹ አንዷ፣ ሳቂታዋ።

«ተይኝ እስቲ፣ የልጅ ልጄ መንገድ ላይ ነው።»

ለምን እምቢ እንዳለው ቀስ ብለን እንየው። ሰባት ሰው ለሁለት ሲከፈል ባንዱ ዙር ቢያንስ አራት ይኖራል። ከአራቱ መካከል ባንድ ቀን አብረው የሚቆሙ ሦስት የሉም እንበል። አራት ሰው ስድስት ጥንድ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ጥንድ የራሱ ቀን አለው። ስድስት ቀን ተያዘ ማለት ነው። አንድ ሰው ከስድስቱ ባልደረቦቹ ጋር ሁለት ሁለት እያለ የሚቆመው ሦስት ቀን ብቻ ስለሆነና እነዚያም እዚሁ ስላለቁ፣ ሰባተኛው ቀን ከአራቱ ለማንም አይደርስም። ታዲያ የማን ነው? የቀሩት የሦስቱ! እነሱ ደግሞ ሁለተኛው ዙር ናቸው። አምስት ማውጣትማ የባሰ ነው።

ሚዛን ይህ ሲገባው ሳቀና አሠሪዋ ዘንድ ሄደ። «እትዬ፣ ባንድ ዙር ከሚገጥሙት ሦስቱ አንዱ ከሁለተኛው ዙር በኋላ ብቻውን ከወጣ ይሆናል።»

«አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ ይሁን።»

ሦስቱ የሁለተኛው ዙር ሰዎች እሱ፣ ሳቂታዋና አንድ ቀውላላ ጋጋሪ ናቸው። ልጁ የምትወልደው በሁለተኛው ዙር ነው። ተራ አውጪው እሱ ሆኖ ሳለ «አንተ ቆይ» ለማለት አፉ አልታዘዝ አለው። ነገሩን ብቻ ነገራቸው።

«እናንተ ውጡ» አለ ቀውላላው። «እኔ ቸኩዬ የማገኘው አማቴን ነው።»

«ይህን ብትሰማ!» አለች ሳቂታዋ።

«ደስ ይላታል። እሷም አልናፈቅኳትም።»

ማታ ልጁ ደወለች። «አባዬ፣ ተሳካ?»

«ትኬት ቆርጫለሁ።»

«እንግዲያው እስክትመጣ እጠብቅሃለሁ።»

«አንቺስ ትጠብቂያለሽ፤ እሱ መች ይጠብቃል!»