ሬሳ አምጡ ባዩ ጋሽ ኢንች

የድሮ የእንግሊዝ መኪና ያለው ሰው እቃ ሲጠፋበት መጨረሻው ጋሽ ኢንች በር ላይ ነው። ስሙን ያወጡላቸው መካኒኮች ናቸው። ሚሊ ሜትር የሚል ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁራላ! በኢንች በተሰራ ብሎን ላይ የሚሊ ሜትር ዳዶ በግድ ጠምዝዞ ጥርሱን የጨረሰ ሰው ከገጠማቸውማ፣ የዛን ቀን ምሳ የለም።

ሱቃቸው አንዲት ክፍል ናት፤ ግን ምን የሌለ ነገር አለ? ከወለል እስከ ጣሪያ የወተት ቆርቆሮ ተደርድሯል፣ በየቆርቆሮው የሞሪስ፣ የኦስቲን፣ የሂልማን፣ የላንድሮቨር እቃ። እያንዳንዱ እቃ ላይ በክር የታሰረች ወረቀት አለች። ጽሁፉ የባለቤታቸው ነው፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ "የሱን ጽሁፍ እሱ ራሱም አያነበው" ይላሉ። ጋሽ ኢንች በጉብዝናቸው ጊዜ የአንድ መኪና አስመጪ እቃ ቤት ጠባቂ ነበሩ። ድርጅቱ ሲዘጋ የተረፈውን ጠራርገው ገዙት፤ ይኸው አርባ አመት።

አንድ ህግ አላቸው፦ "ሬሳውን አምጣ!" የተሰበረውን እቃ ማለታቸው ነው። የመኪናህን አመት ብትነግራቸው አይሰሙህም። ፎቶ ብታሳያቸው ስልክህን መልሰው እጅህ ላይ ያስቀምጡልሃል። ሬሳውን ተቀብለው በጨርቅ ይጠርጋሉ፣ ይለካሉ፣ የተቀረጸ ቁጥር ይፈልጋሉ፣ ከዛ ዞር ሳይሉ እጃቸውን ወደ አንዱ ቆርቆሮ ይሰዳሉ። በቃ!

ዳቦ ጋጋሪዋም የመጣችው ሬሳ ይዛ ነው። አሮጌ የሞሪስ ቫን አላት፤ በጠዋት ለሆስፒታሉና ለሁለት ትምህርት ቤቶች ዳቦ የምታደርሰው በሷ ነው። ፍሪሲዮኗ አስቸግሮ ማርሽ በገባ ቁጥር ሲንጫጫ፣ መካኒኳ ፔዳሉ ሲረገጥ ፍሪሲዮኑን የሚገፋውን ቀለበት አወጣላት። በሌላው መኪና ኩሽኔታ የሚሆነው ነገር በነዚህ መኪኖች ድፍን የከሰል ቀለበት ነው። ጋሽ ኢንች ቁጥሩን አዩ፣ ለኩት፣ አምሳያውን ሰጥተው ሸኟት።

በሶስተኛው ሳምንት ተመለሰች። ቀለበቱን ጠረጴዛው ላይ ዷ አደረገችው።

"ጋሼ፣ ይሄ ከሰል ነው ወይስ ብስኩት?"

"መካኒክሽ ነው የፈጀው። ፔዳሉ ላይ እግሩን ጭኖ እየነዳ…"

"የምነዳው እኔ ነኝ!"

"እንግዲያው አንቺ ነሻ።"

ሳቀች፤ ግን ሳቋ ቶሎ ነጠፈ። "ጋሼ፣ ሆስፒታሉን ሁለቴ አርፍጄበታለሁ። አንድ ቀን ብደግም ሌላ ጋጋሪ ይይዛል፣ ነግረውኛል። ነገ ቅዳሜ ብረት ገዢው ቫኗን ሊጎትታት ይመጣል። የማይሆን ከሆነ እቅጩን ይንገሩኝና ተስፋዬን ልቁረጥ።"

የጋሽ ኢንች እጅ ሌላ ቀለበት ሊያወጣ ቆርቆሮው ላይ ደርሶ ቀረ። እሳቸው ሬሳ አይጥሉም፤ የበፊቱን ፈልገው አመጡና ከአዲሱ ሬሳ ጎን አስቀመጡት። ሁለቱም የተበሉት በአንድ በኩል ብቻ ነው፣ ተጣሞ እንዳለቀ የጫማ ተረከዝ። ያን ጊዜ ቁጥሩን እንጂ አበላሉን አላዩም። ደግሞ የመጀመሪያው ቀለበት ጆሮ፣ በጎኑ የወጣው መያዣ ላይ፣ የሞረድ ጭረት አለ። ሞረድ! ለካ ከድሮም አንዱ ልኳ ያልሆነውን እቃ ሞርዶ ከቶባት ኖሯል።

"ይሄ የሷ አይደለም" አሉ ቀስ ብለው።

"ከሆዷ ወጥቶ የማን ሊሆን ነው?"

"መኪናዋን ልያት።"

ባለቤታቸው ከጓዳ ሰሙ። "ከሱቅ ልትወጣ? አንተ ሰውዬ፣ ባርኔጣ አድርግ፣ ፀሐይ አልለመድክም!"

ቫኗ መካኒኩ ግቢ ቆማለች። ጋሽ ኢንች ኮፈኑን ከፍተው የሞተሩን ቁጥር በመሀረባቸው ፈተጉት። ሊብሬዋ ላይ ያለው በዘጠኝ ይጀምራል፤ ብረቱ ላይ ያለው በአስር።

"ሞተሩም ካምቢዮውም ተቀይሯል! ከሷ በኋላ የተሰራችውን የታናሽ እህቷን ነው የተሸከመችው። ፍሪሲዮኑ ትልቁ ነው፤ እኔ የትንሹን ቀለበት ነው የሰጠሁሽ።"

መካኒኩ እጁን አጣምሮ ቆሟል። "አበላሸው፣ በላው ስባል የከረምኩት እኔ ነኝ፣ ጋሼ።"

ጋሽ ኢንች ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ጥፋቱ የኔ ነው። ሬሳውን አምኜ መኪናዋን ሳልጠይቅ።"

"ይድገሙልኝ እስቲ፣ አጥር ማዶ ያሉት አልሰሙም።"

"ጥፋቱ የኔ ነው!" ብለው ጮኹ፤ ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ጋጋሪዋ ግን አልሳቀችም፣ ሰዓቷን ነው የምታየው።

ትልቁ ቀለበት ከሚገፋው ሹካ ጋር ሱቅ ውስጥ ነበር፣ አምጥተው ሰጡ። መካኒኩ ካምቢዮውን ሁለቴ አውርዶ አሁንም መልሶ ሊሰቅል ነውና ማጉረምረሙ አልቀረም። ጋሽ ኢንችም ካርቶን አንጥፈው አጠገቡ ተንጋለሉና መብራት ያዙለት። ዘይቱ ጆሯቸው ውስጥ ይንጠባጠባል፣ እሳቸው "ወደ ግራ፣ ኧረ ግራህ የቱ ነው?" ይላሉ።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ጋጋሪዋ ገብታ ፔዳሉን ረገጠች። ማርሹ ያለ ድምፅ ገባ። አወጣችው፣ እንደገና አስገባችው። ከዛ ስልኳን አንስታ፦

"ጌታዬ፣ ነገ እንዳይደክሙ። አልሸጣትም። አይ፣ ቢጨምሩም አልሸጥም።"

ከስር ወጥተው ካርቶናቸው ላይ ለተቀመጡት ጋሽ ኢንች በመስኮቱ እጇን ዘረጋችላቸው፤ እሳቸው እጃቸው ዘይት ስለሆነ ክንዳቸውን ሰጧት። "ሊጡ እየጠበቀኝ ነው" አለችና ወጣች።

መካኒኩ ሊያነሳቸው ጎንበስ ሲል "ቆይ!" አሉት። ካርቶኑ ላይ ተቀምጠው እስከ መታጠፊያው ድረስ ያዳምጣሉ። አንደኛ። ሁለተኛ። ሶስተኛ። አንድም ማርሽ አልተንጫጫም።

"በል አሁን አንሳኝ" አሉ።