የማያልቀው የአያ ክንዱ መኪና

ታላቅ ወንድሜ አያ ክንዱ ባረፈ በሠላሳ ሦስተኛው ቀን ባለቤቱ እትዬ አስናቀች አስጠርታኝ፣ ግቢው መሃል የቆመውን ቀይ ዲኤክስ ኮሮላ በአገጯ አመለከተችኝ። ተዝካሩ ሰባት ቀን ቀርቶታል። እድሩ ድንኳኑን የሚተክለው መኪናው የቆመበት ላይ ነው፤ ግቢው ከዚያ ሌላ ደልዳላ ቦታ የለውም።

«ወይ በራሱ ጎማ ይውጣ፣ ወይ ቁራሌው ቆራርጦ ይውሰደው» አለችኝ። «ተጎትቶ ግን አይወጣም። ክንዱ የሱ መኪና ሲጎተት ማየት አይወድም ነበር።»

እኔም በራሱ ይወጣል ብዬ ቃል ገባሁላት። ስለ መኪና አውቄ አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት አማርኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ መንጃ ፈቃድ የለኝም፤ የመኪና ዕቃ የማውቀው በስሙ ብቻ ነው፣ እሱንም ግማሹን። ነገር ግን አሥር ዓመት ሙሉ የዚያ መኪና ሁለተኛ ሰው እየተባልኩ ስኮራ ስለኖርኩ፣ ጥቁር ለለበሰች ሴት አላውቅም ማለት አፈርኩ።

አያ ክንዱ ከዳባት ወደ ጎንደር የወረደው ጢሙ ሳያጎነቁል ነው። ፒያሳ አጠገብ ከነበረ ጋራዥ ገብቶ ጎማ ሲያጥብ፣ ቁልፍ ሲያቀብል ቆይቶ፣ ወደ ወለቃ በሚወስደው መንገድ ዳር የራሱን ከፈተ። ወደ ሰሜን የሚወጡ የጭነት መኪኖች ያለሱ አይወጡም ነበር። ሞተር የሚመረምረው በጆሮው ነው። ሾፌሩን ሞተሩን አስነሳ ብሎ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥና «ሦስተኛው ሻማ» ይላል፤ ሦስተኛው ሻማ ይሆናል። ምሳውን ቆሞ ይበላል። አንድ ካፖርት ሃያ ዓመት ለብሷል። እንዲህ ያለ ሰው እብደት ይኖረዋል ብሎ የሚጠረጥር የለም።

እብደቱ የመጣው አንድ ቀን ፒያሳ ሻይ ቤት ገብቶ፣ ቴሌቪዥን ላይ የራሊ ውድድር ያየ ጊዜ ነው። መኪናው ጠጠር መንገድ ላይ በጎኑ እየተንሸራተተ ገደል አፋፍ ይዞ ይበራል። አያ ክንዱ ሻይውን ሳይጨርስ እኔ ቤት መጣና «መንገዱ የኛው ነው እኮ፤ የጎደለን መኪናው ብቻ ነው» አለኝ። በወሩ ተገልብጦ የተጣለ ዲኤክስ ገዝቶ ግቢው አቆመ። ዓላማው መኪናውን ለዓለም ሻምፒዮናው፣ ያውም ለላይኛው ምድብ በወጣው የቴክኒክ ደንብ መሥራት ነበር። ማን ይጠራሃል ብዬ ብጠይቀው፣ ሰርግ ሲጠራ ልብሱን ማጠብ የሚጀምር ሰው ሰርጉ ያልቅበታል አለኝ።

ደንቡን ከስልኩ ላይ እያነበብኩ በመዝገበ ቃላት የማስረዳው እኔ ነበርኩ። አብዛኛው ዜና ደግሞ የጸና ደንብ ሳይሆን ገና ውይይት ላይ ያለ የማሻሻያ ሐሳብ ነው። አያ ክንዱ ግን ሐሳብና ደንብ አይለይም፤ ምክንያትም ነበረው። በወጣትነቱ መንገድ ሊሰፋ ነው ተብሎ የሰፈሩ አጥር ሁሉ በቀይ ቀለም ምልክት ሲደረግበት፣ ጎረቤቱ ገና ረቂቅ ነው እያለ ተቀመጠ። አያ ክንዱ የዚያኑ ዕለት አጥሩን አፍርሶ ድንጋዩን ለቀመና ሦስት ሜትር ገባ ብሎ ካበው። ዶዘሩ ሲመጣ የጎረቤት ድንጋይ አፈር ሆነ፤ የሱ አንድም አልጎደለበትም። ከዚያ ወዲህ ለልጁም ለዘመዱም የሚሰጠው ምክር አንድ ሆነ፦ ረቂቅ ሲባል ድንጋይህን ልቀም።

ለአጥር ሸጋ ምክር ነው። ለራሊ መኪና ግን አልሆነም።

የላይኛው ምድብ መኪኖች ከቤንዚኑ ጋር በባትሪ ሊታገዙ ነው የተባለ ጊዜ፣ አያ ክንዱ ሦስት የአይሱዙ ባትሪና ከአንድ የተበላሸ ማሽን የወጣ የኤሌክትሪክ ሞተር ከኋላ ጫነ። መኪናው እንደ ተቀመጠ ውሻ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀና አደረገ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ባትሪው ይውጣ፣ ክብደቱ ይቀነስ፣ የሞተሩ አየር ማስገቢያ ይጥበብ፣ የኋላው ክንፍ ይነስ የሚል ሐሳብ ቀረበ። አነበብኩለት። በሳምንቱ ባትሪዎቹ ወጡ፤ ክንፉ በመጋዝ ተቆረጠ፤ የአየር ማስገቢያውም በድልህ ቆርቆሮ ክዳን ተደፍኖ መሃሉ በአውራ ጣት ልክ ተበሳ። ሦስት ወር ሳይሞላ ሐሳቡ ቀርቷል፣ ባለበት ይቀጥላል ተባለ። ይህንንም አነበብኩለት። ባትሪዎቹ ተመለሱ። ክንፉ ተበየደ። ኅዳር ላይ ደግሞ፣ የለም፣ ባትሪው መውጣቱ፣ የአየር ማስገቢያውም መጥበቡ አይቀርም የሚል መጣ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ መኪናው ያልቅ ነበር። እኔ ግን አዲስ ዜና ባገኘሁ ቁጥር ቁርሴን ሳልበላ ከቤቴ ከቀሐ እስከሱ ግቢ በባጃጅ እበር ነበር። ወንድሜ የሚያዳምጠኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ አስተማሪ ደግሞ ተማሪ ካገኘ አይምርም።

ሁለተኛ ሰው የተባልኩትም እንዲሁ ነው። በራሊ ከነጂው ጎን ተቀምጦ ጠማማውን ሁሉ ቀድሞ ከደብተር የሚያነብ ሰው አለ። አያ ክንዱ እኔን የመረጠኝ በልጅነቴ ዲያቆን ስለነበርኩና ድምፄ ከሞተር በላይ ስለሚሰማ ነው። ከወለቃ ሸክላ ሻጮች ጀምረን፣ ከኮሶዬ አስፋልቱን ለቆ እስከሚወጣው ጠጠር መንገድ ጫፍ፣ በጋራዡ ፒካፕ እየሄድን ጠማማውን ሁሉ ጻፍን። አንድ ማለት ቆመህ የምታስብበት ጠማማ ነው፤ ስድስት ማለት ጠማማ መሆኑን ካልነገሩህ የማታውቀው። ጽሕፈቴ የቁም ጽሕፈት ነው፤ አልታማም። ንባቤ ግን እንደ ምስባክ ተጎተተ። ቀኝ ሁለት ብዬ ዜማውን ሳልጨርስ ጠማማው ያልፋል። ከኮሶዬ አለፍ ብሎ አንድ ብቸኛ የጽድ ዛፍ ያለበት ጠማማ ላይ ስንደርስ ደግሞ የበላሁት ሁሉ ወጣ። በሁለተኛው ጉዞ እዚያው ላይ። በሦስተኛውም። አያ ክንዱ አልተቆጣም፤ ደብተሩን ከእጄ ወስዶ በራሱ ጠማማ ፊደል «ቀኝ ሁለት። ሰውአገኝ እዚህ ያስመልሳል። ፍጥነት ቀንስ» ብሎ ጻፈበት። እኔም ስሜን የጻፈው ለቀልድ ነው ብዬ ሳቅሁ።

በመጨረሻው ዓመት፣ የመኪናው አካል እንደልብ ሊቀረጽ ነው፣ ዋናው የሰዎቹን ደኅንነት የሚጠብቀው የብረት ቱቦ አጥንት ነው የሚል አዲስ ደንብ እየተዘጋጀ መሆኑን አነበብኩለት። የኋላ ወንበሮቹን ነቅሎ ቱቦ መበየድ ጀመረ። ልቡ ደክሟል ብለው ሐኪሞች ነግረውታል። አንድ ማክሰኞ ቱቦ እየቆረጠ ሳለ መጋዙን አስቀምጦ፣ ትንሽ ልረፍ ብሎ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እትዬ አስናቀች ውኃ ይዛ ስትመጣ በሕይወት አላገኘችውም። ከዚህ በላይ ስለዚያ ቀን የምጽፈው የለኝም።

ወደ መኪናው ልመለስ። የጋራዡን ባልደረባ አንዱዓለምን ጠራሁት። አራት ቀን ሠራ። የኔ ድርሻ የእጅ ባትሪ መያዝና አስተያየት መስጠት ነበር። ሞተሩ ይነሳና ሁለቴ ስሎ ይጠፋል። በአራተኛው ቀን አንዱዓለም የአየር ማስገቢያውን ክዳን ሊፈታ ሲል ተቃወምኩት፤ ደንብ ነው አልኩት።

«ጋሼ፣ ሞተሩ ታፍኖ ነው» አለ። «ደንቡን ይዘን ቁራሌው ጋ እንሂድ ወይስ ቆርቆሮውን ላውጣው?»

አውጣው አልኩት። ክዳኑን ኪሴ ከተትኩ። ሞተሩ ተነሳ፤ ጮኸ፤ አልጠፋም። እትዬ አስናቀች ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደለበሰች በር ላይ ቆማ ሰማችው። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ የአያ ክንዱ መኪና ከተሠራ ወዲህ ነገ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚህ በር ሊወጣ ነው ብዬ ተናገርኩ። ንግግር ይሆንልኛል።

«ለመጀመሪያ ጊዜ ማን አለህ?» አለችኝ።

አንዱዓለም መፍቻውን እየጠረገ ዞር አለ።

ሦስት ጊዜ ወጥቷል አለች። ለጥምቀት፣ ከተማው ሁሉ ቀሐ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ወርዶ የኮሶዬ መንገድ ጭር ሲል። አያ ክንዱ በዋዜማው ያለውን ሁሉ ይገጥማል፣ ማለዳ ይወጣሉ፣ ቀትር ሳይሆን ይመለሳሉ፤ በማግስቱ እኔ የነገርኩትን ረቂቅ ሊታዘዝ እንደገና ይፈታዋል። አንዱን ዓመት በባትሪዎቹ ክብደት ሽቅቡ እምቢ ብሏቸው ወደ ኋላ ሊንሸራተቱ ነበር። እኔ በነዚያ ጥምቀቶች ከካህናቱ ጋር ሳሸበሽብ ነበርኩ። ምነው አልመጣህም ብዬ ስጠይቀው ራሱን እንዳመመው ይነግረኝ ነበር፤ ሦስት ዓመት ሙሉ።

«ማን አነበበለት?» አልኳት። ስለ ሁሉም ነገር ልጠይቅ እችል ነበር፤ የጠየቅሁት ይህን ነው።

«እኔ ነኛ። ጽሕፈትህ ሸጋ ነው፤ ይነበባል።»

«ምነው ታዲያ ሳትነግሩኝ?»

«ታስመልሳለህ ብሎ ነዋ። አንተን እንዳይከፋህ ብሎ ነው ራሴን አመመኝ የሚልህ።»

ያን ምሽት ቤቴ ተቀምጬ ያሰብኩት፣ ከጉዞው መቅረቴና ሳይነግሩኝ መቅረታቸው፣ ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንደከፋኝ ነው። መቅረቴ ነው ብዬ ጀመርኩ። ኋላ ግን አልከፋኝም። ወንድሜ ያ መኪና ሳያልቅለት የሞተ መስሎኝ፣ ያነበብኩለትን ዜና ሁሉ ሠላሳ ስምንት ቀን በየተራ ስቆጥር ሰንብቼ ነበር። ነድቶታል ለካ።

ዓርብ ጠዋት ደብተሩን ይዤ ሄድኩ። እትዬ አስናቀች ድሮ ለጋራዡ መለዋወጫ በፒካፕ ስታመላልስ የኖረች ናት፤ መንጃ ፈቃዷም አላት። ከነጥቁር ልብሷ መሪው ኋላ ተቀምጣለች። የሞተሩ ማስነሻ ባትሪ በመጠኑ ስለደከመ ተገፍቶ ነው የሚነሳው። የጎኑን በር ከፍቼ ልገባ ስል ደብተሩን ከእጄ ተቀበለችኝና አጠገቧ አስቀመጠችው።

«አንተ ግፋ» አለችኝ። «መቀመጫውን በተዝካሩ ዋዜማ እንዳታበላሽብኝ።»

መኪናው ቦሎ የለውም፣ የኋላ ወንበርም የለውም፣ ትራፊክ ቢያስቆምሽስ አልኳት።

«ጥቁር ለብሻለሁ። ማን ያስቆመኛል?»

ከአንዱዓለም ጋር ገፋን። ከበሩ ሲወጣ ተነሳ። አቧራው አፌ ውስጥ ገባ። መኪናው የሚቆምበት ጋራዥ ከበሩ በስተግራ ነው፤ ይህ የኔ ሙያ ነውና እጄን አንስቼ «ግራ አንድ» ብዬ በዲያቆን ድምፄ አነበብኩላት። ቀኝ ታጠፈች። ቀኙ ወደ ኮሶዬ ነው።

የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ይዘው መጥተው፣ ባለቤቷስ የት ናት ቢሉኝ፣ መኪናውን ልታስቀምጥ ሄዳለች አልኳቸው። ሁለት ሰዓት ያህል ቆየች። ከጋራዡ በእግሯ ተመለሰች፤ ጫማዋና የቀሚሷ ጠርዝ አቧራ ለብሰዋል፣ ዓይኗ ቀልቷል። ማንም ምንም አልጠየቃትም። እኔ ብቻ ጠጋ ብዬ፣ ጽዱ ያለበት ጠማማ ላይ ቀነስሽ ወይ አልኳት።

«ቀነስኩ» አለች። «ተጽፎ የለ?»

ከዚያ ነጠላዋን አስተካከለችና ካስማ ለሚመቱት ሰዎች ውኃ ልታቀርብ ገባች።