ፔሪና ዋና የተማረችበት በጋ

የፔሪና ቤት ከባሕሩ ሠላሳ እርምጃ አይርቅም። ያም ሆኖ እስከ ስልሳ ሦስት ዓመቷ ድረስ ውሃው ከቁርጭምጭሚቷ አልፎ አያውቅም። እኩያዬም ጎረቤቴም ናትና ምክንያቱን አውቃለሁ። ስምንት ዓመቷ ሳለ አባቷ ሰርዲን ሊያጠምድ እንደወጣ ቀረ። አስከሬኑ ስላልተገኘ ባዶ ሣጥን ቀበርን። እናቷ ከመቃብሩ ሳትርቅ እጇን ይዛ፣ «ሁለተኛ ባሕር ብትነኪ ልጄ አይደለሽም» አለቻት። ፔሪናም ቃሏን ጠበቀች።

በእኛ መንደር በፖድስቲየና ባሕር ሳይነኩ መኖር ቀላል አይደለም። ለሠርጉም፣ ለሐኪሙም፣ በጎረቤት መንደር በክሩሼቫ ለሚከበረው የቅዱስ ሮኮ በዓልም የምንሄደው በጀልባ ነው። እሷ ግን በገደሉ አፋፍ የሚሄደውን፣ አህያ እንኳ የተወውን የድሮ የእግር መንገድ ይዛ ሦስት ሰዓት ትጓዛለች። እኛ አስቀድሰን ለምሳ ስንቀመጥ ጫማዋ አቧራ ለብሶ፣ በመሐረቧ በለስ ቋጥራ ብቅ ትላለች። «ባቡሩ ዘገየብሽ?» እያልን እንስቅባታለን።

ፔሪና የምትሠራበት የሰርዲን ፋብሪካ ሲዘጋ ወጣቱ መንደሩን ጥሎ ሄደ፤ እሷም ሥራ ፈታች። አንድ የግንቦት ጠዋት ከቼክ አገር የመጡ ባልና ሚስት ሻንጣ አዝለው ሱቄ በር ላይ ቆሙ። የገደሉን መንገድ እንፈልጋለን ብለው እሾህ ውስጥ ገብተው ኖሮ የሰውየው ቅልጥም በደም ተዥጎርጉሯል። መንገዱን ከፔሪና በቀር የሚያውቅ ስላልነበረ ልኬ አስጠራኋት። ክሩሼቫ ድረስ አድርሳቸው ማታ ስትመለስ ፊቷ በርቷል።

«ሰዎቹ እኮ በየአፋፉ እየቆሙ ያለቅሳሉ!» አለችኝ።

«ምን አገኛቸው?»

«ምንም። አገሩ አምሯቸው ነው።»

እነዚያ ለሌሎች ነገሩ፤ ሌሎች መጡ። ፔሪና እሾሁን መነጠረች፣ ምንጩን ጠረገች፣ መታጠፊያው ላይ ያሉትን ድንጋዮች ቀይ ቀባች። በሦስተኛው ዓመት ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት መንገደኛ የማትመራበት ሳምንት አልነበረም።

በአራተኛው ዓመት የካቲት ላይ ዝናቡ አሥር ቀን ሳያባራ ወረደና ገደሉ ተናደ። መንገዱ መሀል ላይ ተበጠሰ። ከላይ ቀጥ ያለ ቋጥኝ ነው፤ ከታች ስፋቷ ሃምሳ ሜትር የምትሆን ትንሽ የባሕር ሠርጥ ገብታለች። ከዚያ ማዶ መንገዱ እንደ ድሮው ይቀጥላል።

ያኔ ኒቬስ የምትባል የመንደራችን ልጅ ከከተማ ተመልሳ ካያክ፣ ያቺን ጠባቧን የመቅዘፊያ ጀልባ ታከራይ ነበር። «አክስቴ ፔሪና፣ ምን አስጨነቀሽ? እኔ እያመላለስኩ አሻግራችኋለሁ» አለቻት።

ፔሪና ሁለት ቀን አሰበችበት። በሦስተኛው ቀን ሱቄ መጥታ የዋና ልብስ ጠየቀችኝ።

«ለማን?» አልኩ።

«ለእኔ። አንዱ መንገደኛ ከጀልባዋ ቢወድቅ ዳር ቆሜ ጸሎት ላደርስለት ነው? ሰው የምመራ ከሆነ መዋኘት አለብኝ።»

በመጀመሪያው ቀን ጉልበቷ ድረስ ገብታ ማልቀስ ጀመረች። የእናቷን ቃል ለኒቬስ ነገረቻት። ኒቬስ እጇን ሳትለቅ፣ «እናትሽ የፈለጉት እንዳትሰጥሚ ነው፣ አክስቴ። መዋኘት የምትችል ደግሞ አትሰጥምም» አለቻት። ፔሪና አንድ እርምጃ ጨመረች።

ወደቡ ላይ መረብ የሚጠግኑት ሽማግሎች ጨዋታ አገኙ። ጋሽ ሉክሻ በየጠዋቱ ይጮሃል፦ «ፔሪና! ለዓሦቹ ነግረሻቸዋል? ደንግጠው ማዶ ጣሊያን እንዳይገቡብን!»

«አንተ ይልቅ ጀልባህን ድፈን! ከእኔ በፊት የምትሰጥመው እሷ ናት!»

ሐምሌን ሙሉ ጨው ውሃ ጠጣች፣ ተሳደበች፣ አስታወከች። በሐምሌ መጨረሻ ግን ኒቬስ እጇን ከሆዷ ሥር ስትወስድ ፔሪና ተንሳፍፋ ቀረች።

የቅዱስ ሮኮ ዕለት መንደሩ በሙሉ በጀልባ ወደ ክሩሼቫ ስንሄድ ሠርጧ አጠገብ ደረስን። ፔሪና ውሃ ውስጥ ናት፤ ኒቬስ ጫማዋንና ቀሚሷን በካያኳ ጭና ከጎኗ ትቀዝፋለች። ሉክሻ ሞተሩን አጠፋ። መሀል ስትደርስ ቆመች። የጀልባውን ጠርዝ ጨብጬ ተነሣሁ። እሷ ግን በጀርባዋ ተገልብጣ ሰማዩን እያየች አረፈችና እንደገና ቀጠለች።

ማዶ ወጥታ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። በየጀልባው ያለው ሰው አጨበጨበ፣ ሉክሻ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ምን ተገትራችሁ ታዩኛላችሁ?» አለች እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች። «ኒቬስ፣ ጫማዬን አቀብዪኝ። ገና አንድ ሰዓት መንገድ ይቀረኛል።»

ይህ ከሆነ ሰባት ዓመቱ ነው። መንገደኛው አሁን ሠርጧን አንዱ በዋና፣ አንዱ በኒቬስ ጀልባ ይሻገራል። ተዘግተው የነበሩ ሦስት ቤቶች ተከፍተው እንግዳ ያሳድራሉ። ፔሪና ደግሞ ባለፈው መስከረም መዋኘት የማንችለውን የመንደሩን ሴቶች ሰበሰበችን። አምስት ነን፤ ጠዋት ጠዋት ሱቄን ዘግቼ እወርዳለሁ። እኔ ገና እግሬን ከመሬት አላነሳሁም፤ ግን ውሃው አንገቴ ደርሷል።