መስታወቱና ዝናቡ

ትናንት ሳንዲ ስፕሪንግስ፣ ሥራ ቦታዬ፣ ሊፍት ውስጥ ስገባ ከእኔ በፊት የወረደች ሴት የፀጉር ስፕሬይ ሽታ ትታ ሄዳ ነበር። በዚያ ጣፈጥ፣ መረር በሚል ሽታ ተይዤ መውረድ የነበረብኝን ፎቅ አልፌ እስከ ላይ ወጣሁ። ባለፈው እሁድ አባትሽ መኪና ውስጥ፣ "አክስቴ፣ ለምንድነው ያለቀስሽው?" ብለሽኝ፣ "ፖለን ነው፣ የአበባው ብናኝ" ብዬ አለፍኩሽ። ወቅቱም ስለሆነ አመንሽኝ። ሽታው ግን አላስተኛ አለኝና ዛሬ ልንገርሽ።

ስኔልቪል በነበረው ቤታችን ቤዝመንት ውስጥ፣ አባትሽ ከአያትሽ መታጠቢያ ቤት ያወረደውን ስፕሬይ እየነፋ ፀጉሩን ወደ ላይ ያቆም ነበር። አዎ፣ አባትሽ። አሁን አናቱ የሚያበራው፣ ካኪ ሱሪውን እንኳ ተኩሶ የሚለብሰው ያ ታላቅ ወንድሜ። አያትሽ ከሥራ ከመምጣቷ በፊት በግቢ ውሃ ማጠጫው ጎማ ራሱን ይታጠባል፤ ሽታው ግን የት ይሂድ? "ይሄ ቤት ምን ምን ይላል?" ስትል "ጎረቤት ነው" እላለሁ። ምስኪኑ ጎረቤታችን ስንቱን ተሸከመ!

ያሳበደን የጃፓን ሮክ ነበር፤ ቪዥዋል የሚሉት። ወንዶቹ ፊታቸውን ነጭ ይቀባሉ፣ ከንፈራቸውን ያጠቁራሉ፣ ዳንቴል ይለብሳሉ፣ ፀጉራቸው ደግሞ በር አያስገባም። ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ደረቅ ዓሣ ከሚሸጥ መደብር ጎን አንድ የጃፓን መጻሕፍት ቤት ነበር፤ ከኋላ መደርደሪያው ላይ ሲዲ ያስቀምጣሉ። የምንወደው ባንድ የተበተነው እኛ ከማወቃችን በፊት ነው። የቀረን ሦስት አልበም ብቻ ነበር፤ እነሱም አንዴ ካመለጡ እንደገና የሚመጡ አይደሉም። የጃፓንኛ ስማቸውን ማንበብ ስለማንችል በሽፋናቸው ነበር የምንጠራቸው። የመጀመሪያው የተሰነጠቀ መስታወት ስላለበት መስታወቱ፣ የመጨረሻው ዝናብ ውስጥ ቆመው ፎቶ ስለተነሱበት ዝናቡ። መካከለኛው ስምም አልነበረው፤ ተጣድፈው የሠሩት የማይረባ ነገር ነበር። በዓለም ላይ እኔና አባትሽ የተስማማነው በእሱ ብቻ ነው።

በቀረው ግን ጦርነት ነበር። ለአባትሽ ከመስታወቱ በላይ ሙዚቃ አልተሠራም። ጊታሩ ጋራዥ ውስጥ የተቀረጸ ይመስል ይሻክራል፣ ዘፋኙ ጉሮሮው እስኪደማ ይጮኻል፤ "ይሄ ነው ቪዥዋል፣ ፔሪየድ፣ አለቀ" ይል ነበር። እኔ የዝናቡ ነበርኩ። ቫዮሊን አለበት፤ ዘፋኙ መጮኹን ትቶ፣ ለአንድ ሰው ብቻ እንደሚያወራ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይዘፍናል። አባትሽ በዚህ ይቃጠላል። "ሜካፑን ሲቀንሱ ነፍሳቸውንም አብረው አጠቡት" ይላል። "ጩኸት ሁሉ ነፍስ ነው እንዴ?" እለዋለሁ። "ከበሮውንስ ሰምተሽዋል? ሲሪየስሊ፣ ትራስ ነው የሚደበድበው!" ይላል። ይሄ የትራሱ ነገር አንጀቴን ያሳርረኝ ነበር። ኢንተርኔት ላይም ከዓለም አድናቂ ጋር እንዲሁ ሲፋለም ይውልና፣ ሲሸነፍ ወደ እኔ ይመለሳል። ቤት ውስጥ የማላኮርፈው ከእሱ ጋር ስጣላ ብቻ ነበር።

መከራው የመጣው በአንዲት ካርድ ነው። ከመስታወቱ ጋር የዘፋኙ ትንሽ ፎቶ ነበረች፤ አባትሽ እንደ ምልክት መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ አስቀመጣት። አያትሽ አገኘቻት። ምንም ሳትል ሰነበተች፤ ለጸሎት ጓደኞቿ ብቻ "ለልጄ ጸልዩልኝ" ብላ ኖሯል። ከዚያ አንድ ቀን እራት ላይ ካርዷን ሽሮው አጠገብ አስቀመጠችና ድምፅዋን አለስልሳ፣ "ልጄ፣ ጃፓንም ብትሆን እግዚአብሔር የፈጠራት ናት። ጌታን ካወቀች እኔ ቅር አይለኝም። ቤተሰቦቿ ግን ያውቃሉ?" አለች።

የአባትሽ ጉርሻ አየር ላይ ቀረ። በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት። ተለያየን ቢል፣ ነገሩ እዚያው በሐዘኔታ ያልቅ ነበር። ግን አባትሽን ታውቂው የለ፣ መዋሸት አይችልበትም።

"እማ፣ ወንድ ነው" አለ። "ዘፋኝ ነው።"

አያትሽ ካርዷን ገልብጣ ጀርባዋን አየች፤ እንደገና ፊቷን አየች። እጇን ታጥባ ሳትበላ ተነሳች።

በሳምንቱ ነገሩ ቤተክርስቲያን ደረሰ። አያትሽ ለቤተክርስቲያኑ ሽማግሌ የነገረችው "ልጄ ዓለማዊ ሙዚቃ ይዞታል" የሚለውን ብቻ ነው፤ የወንድና የሴቱን ጉዳይ ዋጥ አድርጋዋለች። በቤተክርስቲያናችን የወጣቶች የጸሎት ሳምንት ሲያልቅ፣ እሁድ ዕለት፣ ልጆች የሚተዉትን ዓለማዊ ነገር መድረክ ላይ አውጥተው ያስረክባሉ። ሲዲ ከሆነ ከአዳራሹ ጀርባ በመዶሻ ይሰበራል። አባትሽ ደግሞ የአምልኮ ቡድኑ ጊታር ተጫዋች ነበር፤ ጊታሩ የራሱ ሳይሆን የቤተክርስቲያኑ ነው። ሽማግሌው ጊታሩን ቢሮ ውስጥ ቆለፉበትና፣ "ያለህን ካመጣህ በኋላ ትወስደዋለህ፣ ልጄ" አሉት። ጣቶቹ ያን ሳምንት የእራት ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ሲንቀሳቀሱ አያለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤዝመንት ወረድን። ከላይ የአያትሽ እግር ኮቴ ይሰማል።

"መካከለኛው ይሄዳል፤ እሱስ ይሂድ" አለ። "ግን አንድ ብቻ ካወጣሁ አያምኑኝም። ከሁለቱ አንዱ መጨመር አለበት። ዝናቡ ይሁን።"

"ለምን ሲባል?"

"ደካማው ነዋ! የማይረባው ነው የሚሰጠው።"

በእልህ አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ። "ኦሪትን አላነበብክም? የሚሠዋው እንከን የሌለበት ነው። ከመስታወቱ የሚበልጥ የለም ስትል አልነበር? እንግዲያው እሱን ስጥ!"

 ክርክር ጥሎ ሲነሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሦስቱንም ይዞ ወደ ክፍሉ ወጣ።

ጠዋት በመኪና ወደ ቤተክርስቲያን ሄድን። አባትሽ በፕላስተር የታሸገ ካርቶን ጭኑ ላይ አድርጎ በመስኮት ያያል። ውስጡ ምን እንዳለ አላውቅም፤ ልጠይቀው ባስብም አያትሽ አለች። ያን ትልቁን፣ ዚፕ ያለው ልባስ የለበሰ መጽሐፍ ቅዱሴን አቅፌ ተቀመጥኩ። ሞኝነት ነው ትይኝ ይሆናል፤ ያኔ ግን ዝናቡ ከተሰበረ እኔም አብሬ የምሰበር ይመስለኝ ነበር።

አዳራሹ ድሮ የዕቃ መጋዘን ነው፤ ምንጣፉ ሙጫ ሙጫ ይሸታል፣ መብራቱ የሰውን ፊት ሁሉ ያገረጣል። ጎኔ የሽማግሌው ባለቤት ተቀመጡ። ልጆች እየተጠሩ ወጡ፤ አንዱ የራፕ ሲዲ፣ አንዷ የፍቅር ልብወለድ። ከዚያ አባትሽ።

ሽማግሌው ፕላስተሩን ላጡና መጀመሪያ መካከለኛውን አወጡ። ቀጥለው እጃቸውን ሲከቱ እኔ መጽሐፍ ቅዱሴን አጥብቄ ያዝኩ። የወጣው መስታወቱ ነበር። የራሱ መስታወቱ።

ሽማግሌው ሽፋኑን ራቅ አድርገው አዩት፤ ዳንቴል የለበሰውን ዘፋኝ። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"ወገኖቼ፣ ይህችን ልጅ እዩልኝ" አሉ። "የማን ልጅ ትሆን? በስንት እስራት ብትያዝ ነው እንዲህ የሆነችው! እጃችሁን ዘርጉ፤ እንጸልይላት።"

ጉባኤው በሙሉ እጁን ወደ ሲዲው ዘረጋ። "አሜን! ፍታት ጌታ!" አዳራሹ ተናወጠ። ልጅቷ ወንድ መሆኗን የምናውቀው ሦስታችን ብቻ ነን። አያትሽን አየኋት፤ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ተነስታ እውነቱን ከተናገረች የጊታሩ ነገር አበቃ፤ የአባትሽም ስም አብሮ። አልተነሳችም።

ጸሎቱ ሲያልቅ ሽማግሌው ማይኩን ወደ አባትሽ አስጠጉ። "ሁሉም ነው፣ ልጄ?"

ማይኩ ጮኸ። አባትሽ ወለሉን እያየ፣ "የእኔ የሆነው በሙሉ ይኸው ነው፣ ጋሼ" አለ።

እንደማይዋሽ አውቃለሁ። ታዲያ ዝናቡ የት ሄደ? ይህን ሳሰላስል መዝሙረ ዳዊትን እንድንከፍት ተነገረ። የሽማግሌው ባለቤት ወደ እኔ ዘንበል አሉ። "የኔን መጽሐፍ ቅዱስ ቤት ረስቼው መጣሁ፣ የኔ ልጅ። አብረን እናንብብ።"

ዚፑን ሳብኩት። በልባሱና በመጽሐፉ መካከል ያ ግራጫ ሽፋን፣ እነዚያ ፊታቸው የነጣ ሰዎች ዝናባቸው ውስጥ ቆመዋል። እጄን ብጭንበትም አልሸፈነውም። ሴትዮዋ አዩት። መድረኩ ላይ ያለውን ካርቶን አዩ፤ የእኔን እጅ አዩ። ባለቤታቸውን ቢጠሩ ከመድረኩ የሚለየን ሁለት ረድፍ ወንበር ነው።

ቀስ ብለው በራሳቸው እጅ ዚፑን መልሰው ዘጉት።

"ተይው" አሉ፤ "በቃሌ አውቀዋለሁ።"

ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ማንቀሳቀስ ጀመሩ። ሌላ መዝሙር ነበር የሚሉት።

ከጀርባ ፓርኪንጉ ላይ የመዶሻው ድምፅ ሲሰማ አባትሽ ጊታሩን ተቀብሎ ገመዱን እያጠበቀ ነበር። ቀና አላለም። ወደ ቤት ስንመለስ አያትሽ ቀይ መብራት ላይ ቆማ ድንገት ሳቋ አመለጣት፤ ለካ ነጠላዋ ውስጥም ስትስቅ ኖሯል። "ያቺ ምስኪን ልጅ!" እያለች እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ከኋላችን ክላክስ ነፉብን። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አላነሳችውም።

ቤት እንደገባን ለምን ብዬ ጠየቅሁት። "እንከን የሌለበት ነው የሚሠዋው ያልሽው አንቺ ነሽ" አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም። "ዝናቡ ያንቺ ሆኗል። ከእንግዲህ ክፉ አልናገረውም።"

እንዳለውም አደረገ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ አልደብቅሽም፤ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። ሲውል ሲያድር ግን ዝምታው ያንገበግበኝ ጀመር። "ቫዮሊኑ ትንሽ አይበዛም?" ብዬ ሆን ብዬ እጎነትለዋለሁ። "ጥሩ ነው" ይለኛል። "ከበሮውስ?" "ጥሩ ነው።" ከአባትሽ አፍ እንደዚያ "ጥሩ ነው" የጎዳኝ ስድብ የለም። መዶሻው የሰበረው መስታወቱን ብቻ አልነበረም፤ ተከራካሪዬንም ወሰደብኝ። በኋላ መስታወቱ ኢንተርኔት ላይ ሲገኝ ሊንኩን ላክሁለት፤ "የሰጡትን መልሶ አይወስዱም" ብሎ ሳይከፍተው ቀረ። ጊታሩን ቀጠለ፣ አገባ፣ አንቺ መጣሽ። እኔም ማጫወቻው ቢበላሽም ሲዲውን መጣል አቃተኝ።

ከዚያ ባለፈው እሁድ አንቺ መደርደሪያዬ ላይ አገኘሽው፤ ሽፋኑን ፎቶ አንስተሽ ስልክሽ ላይ ፈለግሽው። ወደ ስኔልቪል ስንሄድ፣ አባትሽ እየነዳ፣ እኔ ጎኑ ሆኜ፣ ከኋላ ከፍ አድርገሽ ለቀቅሽው። ያ ቫዮሊን መኪናውን ሞላው። አባትሽ መሪውን ጨበጠ። እኔም መንገዱን አየሁ።

አንቺ ከኋላ፣ ምንም ሳታውቂ፣ "አባ፣ ላይክ፣ ድራሙ እንዴት ያምራል!" አልሽ።

"ድራሙ?" አለ አባትሽ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ሲገተር አየሁት። "ድራሙ? ትራስ ነው የሚደበድበው!"

ተናግሮ ሲያበቃ ራሱ ደነገጠ፤ በጎን አየኝ። መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ያን ሁሉ ዓመት ተሸክሜው ኖሬያለሁ። እንባዬ ግን ቀደመኝና ወደ መስኮቱ ዞርኩ።