አባቴ ለእንግዳዋ ዘፋኝ የሰጧት ግጥም

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ትንሿ ልጄ ሰላም ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና «አባዬ፣ እስቲ ይቺን ጉድ እያት» አለችኝ። ዳንግላ ላይ ኔትወርክ እንደምታውቁት ነው፤ ምስሉ አንዴ ይሄዳል፣ አንዴ አፉን ከፍቶ ይቆማል። እንደምንም ተጎትቶ ሲመጣ፣ ፀጉራቸው የሸበተ የሮክ ሙዚቀኞች አዲስ አበባ ውስጥ ትልቅ መድረክ ላይ ይጫወታሉ። የምትዘፍነው ግን የባንዱ ሰው አይደለችም፤ ለዚያ ቀን የተጋበዘች ወጣት ናት። ከሥር የአድናቂው አስተያየት ይንጋጋል። አንዱ «የኛን ዘፋኝ መልሱልን» ይላል። አንዷ «ይቺን ደግሞ ከየት አመጧት?» ትላለች። ሌላው «እኔን አስለቅሳኛለች፣ እናንተ ጆሮ የላችሁም» ብሎ ይሳደባል። ልጄም አውራ ጣቷን አዘጋጅታ ልትጽፍ ነው።

«ምን ልትዪ ነው?» አልኳት።

«አትመጥንም ልል ነዋ!»

«ቆይ እስቲ፣ ከመፍረድሽ በፊት አንድ ነገር ላጫውትሽ» አልኳት። ያን ለእሷ ያጫወትኳትን ነው ለእናንተም የምነግራችሁ።

ያኔ ገና ጢሜ ማቀምቀሙ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ነጥብ አልመጣልኝም፤ ዳንግላ መናኸሪያው አጠገብ ካሴት ቤት ተቀጥሬ እውላለሁ። ሥራዬ ካሴት መገልበጥና ለሹፌሮች ዘፈን መምረጥ ነው። ባለቤቱ ለጌጥ ብሎ ግድግዳ ላይ የሰቀላት አንዲት ጊታር ነበረች። የሚነካት ሰው ስለሌለ አቧራ ጠጥታለች። አንድ ቀን «ከፈለግህ ውሰዳት» ሲለኝ ሁለት ጊዜ እስኪለኝ አልጠበቅሁም። ማንገቻ የላትም፤ በጆንያ ገመድ አሰርኳት። አስተማሪም የለኝም፤ ያስተማረኝ የአንድ አንጋፋ የሮክ ባንድ ካሴት ነው። እየመለስኩ እየሰማሁ፣ ጣቴ እስኪላጥ እሞክር ነበር። ጎረቤቱ ምን ያህል እንደታገሰኝ አሁን ሳስበው፣ እግዜር ይስጣቸው እላለሁ።

አባቴ ኮርቻ ሠሪ ናቸው። ሰው አያ ጥሩነህ ይላቸዋል። በአዊ አገር ፈረስ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ኧረ ትንሽ ይሆንብኛል። በሌላም ነገር ይታወቁ ነበር፣ በግጥም። ለማያውቅ ልንገር፦ በእኛ አገር ሠርግ ላይ አዝማሪ መሰንቆውን ይዞ ፊትህ መጥቶ ከቆመ፣ ግጥም ስጠኝ ማለቱ ነው። አንተ «ተቀበል!» ትልና ስንኝህን ትነግረዋለህ፤ እሱ በዜማ ይለዋል። ዝም ካልከው ንፉግ ተብለህ ስምህ አገር ለአገር ይዞራል። አባቴ በአዊኛም በአማርኛም ሰጥተው አይጠግቡም። ግምጃ ቤት ከተማ ድረስ ለሠርግ የሚጠሩት ለኮርቻቸው ይሁን ለአፋቸው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

የእኔ ጊታር ግን አልዋጥላቸው አለ። አንድ ምሽት፣ ቤታችን በምንነጋገርበት በአዊኛ፣ «አዲሱ፣ ይሄ የያዝከው ነገር ሥራ ነው ወይስ ጨዋታ?» አሉኝ።

«ሥራ ነው አባባ። ሰው ይተዳደርበታል።»

«ማን? የት? አሳየኝ።»

ምን ላሳያቸው? ካሴት አሳየኋቸው። ገልብጠው ገልብጠው አዩና መለሱልኝ። በዚያው ሰሞን ያ አንጋፋ ባንድ እንጅባራ ሊመጣ ነው ተባለ! አቤት የዚያን ጊዜ ደስታዬ! ዳንግላ ውስጥ ወሬውን ያልነገርኩት ሰው ቢኖር የተኛ ብቻ ነው። አባቴም ሰሙና ቁርጡን ነገሩኝ፤ «አብሬህ እሄዳለሁ። በዓይኔ አይቼ እፈርዳለሁ። ሥራ ከሆነ ሥራ ነው። ጨዋታ ከሆነ ግን ከዚያ ወዲያ ከእኔ ጋር ቆዳ ትፍቃለህ።» ቆዳ መፋቅ ነውር ሆኖ አይደለም፤ አባቴ እኔን ያሳደጉኝ በእሱ ነው። እኔ ግን ጊታሯን ከተነጠቅሁ የምሞት መስሎኝ ነበር። ያን ዕድሜ ታውቁት የለ?

ጥቅምት ነበር። በአይሱዙ ጀርባ ላይ ታጭቀን ወጣን። መንገዱ ግራና ቀኝ የኑግ አበባ ቢጫውን አልብሶታል፤ አዲስ ቅዳምን ስናልፍ ብርዱ ጆሮ መቆንጠጥ ጀመረ። አንዲት ሴትዮ የባቄላ እሸት በነጠላቸው ቋጥረው ኖሮ ለሁላችንም እየዘገኑ አከፋፈሉን። የእሸቱ ቅርፊት ሲፈለቀቅ ያለው ያ እርጥብ ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። አባቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ አለንጋቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ለፍርድ እንደሚሄድ ዳኛ ኮስተር ብለዋል።

እንጅባራ እንደ ልማዷ በካፊያ ተቀበለችን። ሜዳው ላይ መድረክ ተሠርቷል፤ ዙሪያው በቀርከሃ ታጥሯል። ከዘንገና በኩል የመጡ ፈረሰኞች ከነፈረሳቸው ዳር ዳሩን ይዘዋል። ትኩስ የድንች ቅቅል በሚጥሚጣ የሚሸጡ ሴቶች አሉ፤ ያን ድንች በዚያ ብርድ መብላት ነው እንጂ መናገር አይሆንልኝም። አባቴ ለመድረኩ ጀርባቸውን ሰጥተው የፈረሶቹን ኮርቻ ይመረምራሉ። «ይሄ የእኔ ነው። ያኛውን የሰፋው ማነው? እጁ ይቆረጥ!»

የመጀመሪያው ጊታር ሲጮህ ፈረሶቹ በኋላ እግራቸው ቆሙ። ሕዝቡ ደግሞ አበደ፤ እኔማ ጮኼ ጮኼ ድምፄ ጠፋ። ከዚያ ጊታር የሚመቱት ሽበታም ሰውዬ ወደ ማይኩ ቀረቡና «ዘፋኛችን ደብረ ማርቆስ ላይ ጉሮሮውን ታሞ ቀርቷል። ዛሬ እንግዳ ዘፋኝ ይዘንላችሁ መጥተናል» አሉ። ጭብጨባው እዚያው ሞተ።

ልጅቱ ወጣች። ቀጭን፣ ከእኔ በዕድሜ ብዙም የማትበልጥ፣ በስስ ሸሚዝ በብርድ የምትንዘፈዘፍ። መዝፈን ጀመረች። ድምፅ አልነበራትም ብል ዋሾ እሆናለሁ፣ ነበራት። ግን ማን ይስማት! ሰው የለመደው ያን የሰውየውን ሻካራ ድምፅ ነው። ከኋላ ፉጨት ተነሣ። «ሰውየውን አምጡልን!» አለ አንዱ። «ለዚች ብለን ነው ከጥሊሊ በእግራችን የመጣነው?» አለ ሌላው። አባቴን ሰረቅ አድርጌ አየኋቸው፤ ፊታቸው እንደ ደረቀ ቆዳ ጠጥሯል። አለቀልህ አዲሱ፣ ከነገ ጀምሮ ቆዳ ፋቂ ነህ አልኩ ለራሴ።

ሁለተኛው ዘፈን አገር ያወቀው ነው። አዝማቹ ላይ ስትደርስ ማይኩን ከአፏ አንሥታ ወደ ሕዝቡ ዘረጋችው። ከተማ ለከተማ የለመደችው ይሄን ነው፤ ሕዝቡ ተቀብሎ አብሮ ይዘፍንላታል። የእኛ ሰው ግን እርስ በርሱ ተያየ። ፀጥ። ከበሮው ብቻውን ይመታል። እንደገና ዘረጋችው። አሁንም ፀጥ። አንገቷን ደፋች።

«ኧረ እዚህ ሰው የለም እንዴ!» የሚል ድምፅ ጆሮዬን ሰነጠቀው። አባቴ ናቸው። አለንጋቸውን እንደያዙ ወደ መድረኩ ተንደረደሩ።

«አባባ! አባባ፣ የት ነው? ይመለሱ በሞቴ!»

ማን ሊሰማኝ። ሰዉ አለንጋውን ሲያይ ግራና ቀኝ ተከፈለላቸው፤ ልጅቱን ሊገርፏት ነው ብሎ «ኧረ ያዟቸው!» ያለም ነበር። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት! መድረኩ ሥር ደርሰው አለንጋቸውን ወደ ላይ አነሡና፣ ገበያ ለገበያ የሚጠራሩበትን ያን ድምፃቸውን ለቀቁት።

«ተቀበዪ!»

ልጅቱ ደንግጣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ሽበታሙ ሰውዬ ግን ገብቷቸዋል። እጃቸውን ሲያወርዱ ከበሮውም ጊታሩም ረገበ። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው አንድ ነገር ነገሯት። ጎንበስ ብላ ማይኩን ወደ አባቴ አወረደችው። አባቴ ስንኙን እየለዩ ሰጧት፦

«አንቺ የሩቅ እንግዳ፣ ምነው አቀረቀርሽ፣
ያገሬ ሰው ሁሉ፣ ቆሞ ሲያዳምጥሽ።»

ሲያዳምጥሽ! ሲያፏጭባት የነበረው ሁሉ አፉን ያዘ። ልጅቱ መጀመሪያ ስትለው ድምጿ ተሰነጠቀ። ሁለተኛ ስትለው በዜማ አለችው፤ ጊታሩ ከሥሯ ገብቶ ደገፋት። ሦስተኛ ላይ ዓይኗን ጨፍና፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ስትለቀው፣ መኪናው ላይ እሸት ያከፋፈሉን ሴትዮ እልልታውን አቀለጡት። ከዚያማ ምኑ ቅጡ! ከየአቅጣጫው «ተቀበዪ! ተቀበዪ!» ሆነ። ያ ከጥሊሊ በእግሬ መጣሁ ብሎ ሲያማርር የነበረው ጎረምሳ ሰው ትከሻ ላይ ወጥቶ፦

«ጥሊሊ ላይ ሳለሁ፣ ጊታሩን ሰማሁት፣
ድንቼን ከነጆንያው፣ ገበያ ላይ ጣልኩት»

ሲላት እሷም በሳቅ እየፈነዳች አወረደችው። ሽማግሌዎቹ ሙዚቀኞችም እንደ ልጅ ይዘላሉ። ፈረሰኞቹ ፈረሶቻቸውን እያስጨፈሩ ቀርበዋል። ያን ያህል ዘመን ካሴታቸውን ስሰማ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። መጨረሻ ላይ ስለዚያ ስለ ታመመው ሰውዬ ያነሣ አንድም ሰው አልነበረም፣ እግዜር ይማረው ከማለት በቀር። «ድገሚ! ድገሚ!» እያልን ልጅቱን ከመድረክ አላስወርድ አልናት።

ሲመሽ አይሱዙዋ ላይ ሰው ሁሉ አባቴን ያሞግሳል። እኔ ግን ፍርዴን እየጠበቅሁ ነው። ጨነቀኝና ነገር ለማንሣት ያህል፣ «አባባ፣ ልጅቱ እኮ ግጥም ስጡኝ ማለቷ አልነበረም። አብራችሁኝ ዝፈኑ ማለቷ ነው» አልኳቸው።

ዞር ብለው አዩኝ። «እጇን ዘርግታለች አልዘረጋችም?»

«ዘርግታለች።»

«እና እንግዳ እጁን ዘርግቶ ባዶውን ይመለስ?» አሉና ጋቢያቸውን ተከናነቡ።

በማግስቱ ጠዋት «ና ወዲህ» ብለው ወደሚሠሩበት ጎጆ ጠሩኝ። ትልቅ የተፋቀ ቆዳ ተዘርግቷል፣ ወስፌውና መቁረጫው አጠገቡ ተደርድሯል። አለቀ፣ ፍርዱ ይሄው አልኩ። እጅጌዬን ለሥራ ሰበሰብኩ።

«ቁም። ቀና በል» አሉኝ። የቆዳ ጠፍር አንሥተው በትከሻዬ ላይ አሳለፉና እስከ ወገቤ ለኩኝ። «ያ የምታንጠለጥለው ገመድ አንገትህን አይልጥህም?»

«ይልጠኛል» አልኩ፣ ነገሩ ሳይገባኝ።

«ትናንት አየኋቸው። ሁሉም ሰፊ ቆዳ ነው ያነገቱት። ሠራተኛ ዕቃው ሊያቆስለው አይገባም።»

ሠራተኛ አሉኝ። እመኑኝ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ብዙ ነገር ብሎኛል፤ ሠርግ ላይ ተሸልሜያለሁ፣ ተጨብጭቦልኛል። የዚያችን ቃል ያህል ያቆመኝ ግን የለም። ወጥቼ ከጎጆው ጀርባ አለቀስኩ፣ ምን እደብቃችኋለሁ። በዚያ በሰፉልኝ ማንገቻ ላይ፣ ለፈረስ ግላስ፣ ለኮርቻው ልብስ፣ የሚያደርጉትን ጌጥ አድርገውበት ነበር። ይኸው ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ሠርግ ስጫወት፣ ለወጣቶች ጊታር ሳስተምር፣ ልጆቼንም በእሱ ሳሳድግ ኖርኩ። ታዋቂ አልሆንኩም፤ ጠግቤ ግን አድሬያለሁ።

ሰላም ይሄን ሁሉ ሰምታ «አያቴ? አያቴ ይሄን አድርገዋል? ውሸት ነው!» አለች። እጇን ይዤ ወደ ጓሮ ወሰድኳት። አባቴ አሁን በጣም አርጅተዋል፤ እጃቸው ወስፌ አይዝም፣ ፀሐይ ስትወጣ ግድግዳ ተደግፈው ይሞቃሉ። አባትን «አመሰግናለሁ» ማለት በእኛ ቤት ወግ አይደለም። ጉልበት ይሳማል፣ ምርቃት ይወሰዳል፣ በቃ። ይሄን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ብያቸው አላውቅም። ያን ዕለት ግን ጉልበታቸውን ስሜ፣ «አባባ፣ አመሰግናለሁ» አልኳቸው።

«ለምኑ?» አሉ ግራ ገብቷቸው።

የእንጅባራውን ቀን ነገርኳቸው። ግጥሙን ረስተውታል፤ ስነግራቸው «እኔ ነኝ ያልኩት? መልካም ብያለሁ» ብለው ሳቁ። ማንገቻውንም ረስተውታል። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ የተኙ መስሎኝ ልጄን ይዤ ልነሣ ስል እጄን ያዙኝ።

«ለመሆኑ ያቺ ልጅ ያን ቀን እህል ቀምሳ ነው የሄደችው?»

ክው አልኩ። ጉሮሯችን እስኪነቃ «ድገሚ» ስንላት ከነበርነው ውስጥ፣ ይሄን የጠየቀ ማንም አልነበረም። እኔም እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አስቤው አላውቅም።

«አላውቅም አባባ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «በዚያ ብርድ» አሉ።