ጓድ ፈለቀ ዳገቱን በእግሩ የወጣ ቀን

ወንድሜ አንጁሎ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ያደረገው ጓድ ፈለቀ ነው፤ ይህን ስል ማንንም አልፈራም።

አንጁሎ ቀይ አፈር ከተማ የመሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። የሚነዳት፣ አብዮቱ ሲመጣ አንድ ፈረንጅ ጥሏት የሄደ፣ ውስጧ አልጋና ምድጃ ያላት አሮጌ መኪና ናት። ሜዳ ላይ ደህና ናት፤ ዳገት ላይ ግን ጉልበት የላትም። ስለዚህ በጂንካ መንገድ ደንብ ነበረን፦ ዳገቱ ሥር ሁሉም ይወርዳል፣ አንዱ ጎማው ሥር የሚደረግ ድንጋይ ይዞ ከኋላ ይከተላል፣ መኪናዋ ባዶዋን ወጥታ አናቱ ላይ ትጠብቃለች። ኃላፊው ፈለቀ ብቻ አይወርድም። እኛ ስንገፋ እሱ ጋቢና ይቀመጣል።

በሰባ ሁለት የአንጁሎ ሚስት አለምነሽ ምጥ ጠናባት። ጂንካ ሐኪም ቤት ላድርሳት ብሎ ለመነ። ፈለቀ ግን «ሴት ስትወልድ አዲስ ነገር ነው እንዴ?» ብሎ፣ ለበዓል ፍየል ሊያስጭን በሌላው አቅጣጫ ቱርሚ ይዞት ሄደ። እምቢ ቢል እስር ነው። እኛ በቃሬዛ ተሸክመናት ስንሄድ እዚያው ዳገት ላይ ሞተችብን። ወንድሜ የደረሰው ከተቀበረች በኋላ ነው። የጸሎት ቤት ሽማግሌዎች ይቅር በል ቢሉት፣ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ብሎ ከጉባኤው ቀረ።

በሁለተኛው ዓመት የፈለቀን ሚስት ጤናዬን ወባ ጣላት። መኪናዋ ውስጥ አስተኝተናት፣ እኔ ራሷን ደግፌ፣ ፈለቀ ጋቢና ሆኖ ወደ ጂንካ ተነሣን። ዳገቱ ሥር አንጁሎ መኪናዋን አቆመ።

«ጓድ፣ ካልወረዱ አትወጣም» አለ።

ፈለቀ ዞሮ ሚስቱን አየና ወረደ። ድንጋይም ያዘ። መኪናዋ እያቃሰተች አናቱ ላይ ደረሰች፤ አንጁሎ አልቆመም። በኋላ መስኮት አየሁት፣ ድንጋዩን እንደታቀፈ ይሮጣል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ጤናዬ መርፌ ተወጋች፣ አላባት፣ ውሃ ጠየቀች። አንጁሎ የሐኪም ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። ፈለቀ አመሻሽ ላይ አቧራ ለብሶ እያነከሰ ደረሰ። አንጁሎን በሩ ላይ ሲያይ ቆመ። አንጁሎም እስኪጠግብ አየው።

«ያንተዋ በሕይወት አለች» አለው በመጨረሻ።

ፈለቀ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

«አሁንስ በቃህ?» አልኩት ወንድሜን።

«አልበቃኝም» አለኝ፤ «ግን ሌላ የማደርገው የለኝም።»