የባቢክር ተምር

ዘንድሮም ባቢክር እንደ ልማዱ በረመዳን ለፉጡር ጠራኝ። አሶሳ ውስጥ ጾም ሲፈታ ቤቱ የሚጠራኝ ሰው ብዙ አይደለም። አፌ ሻካራ ነው፤ ሰው ይሸሸኛል፣ እኔም አልከተለውም። ባቢክር ግን አንድ ዓመት እንኳ ዘሎኝ አያውቅም። ገንፎው ከባሚያ ወጡ ጋር ቀርቦ፣ ቀዩ ከርከዴ በጆግ ተሞልቶ፣ አዛን እየጠበቅን ሳለ የእህቱ ልጅ ዘይነብ ፊት ለፊቴ መጥታ ተቀመጠች። ዘይነብ ቦክሰኛ ናት፤ ከባድ ግጥሚያ ቀርቦባታል።

«ጋሼ ሰይድ፣ የምገጥማት ልጅ አትያዝም» አለችኝ። «ቡጢ ስሰነዝር እዚያ ቦታ የለችም። አጎቴን ብጠይቀው ወደ አንተ ላከኝ።»

«ጠይቅ፣ ጠይቅ» አለ ባቢክር። አፉን የፈታው በበርታ ስለሆነ በአማርኛ ሴቱንም ወንዱንም አንተ ነው የሚለው። «እኔን ማንም አልነካኝም፣ ይሄ ሰውዬ ብቻ ነው የነካኝ። ያውም በጾም!»

ዓይኔን ከርከዴው ላይ ተከልኩ። ከጥም አልነበረም።

እኛ ሰፋሪዎች ነን። በድርቁ ጊዜ ከወሎ ጭነው አምጥተው ከአሶሳ ወጣ ብሎ፣ ስም እንኳ በሌለው፣ በቁጥር በሚጠራ መንደር አራገፉን። አራገፉን ነው የምለው፤ የሚራገፍ እህል ነው፣ እኛንም ከእህል ለይቶ ያየን አልነበረም። አባቴን በመጀመሪያው ክረምት ወባ ወሰደብኝ። ፊደል የቆጠርኩት ብዙ ቆይቶ፣ ጢሜ ከሸበተ በኋላ በማታ ትምህርት ነው። ያኔ የነበረኝ ክንድ ብቻ ነበር። ክንዴን ይዤ ከተማ ገባሁና ጆንያ ተሸካሚ ሆንኩ።

ከተማው ውስጥ አንድ ባዶ መጋዘን ነበር። ከጦር ሜዳ አንካሳ ሆኖ የተመለሰ አስር አለቃ እዚያ ወጣቶች ሰብስቦ ቦክስ ያስተምራል። አሸዋ የተሞላ ጆንያ ከጣሪያው አንጠልጥሏል። ከሥራ ስወጣ ሄጄ ያንን ጆንያ እመታ ነበር፤ ቀን ተሸክሜው ማታ እደበድበዋለሁ። ባቢክርን ያገኘሁት እዚያ ነው።

ባቢክር የአሶሳ ልጅ፣ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሁልጊዜ ሳቂታ። እንደሱ ያለ ተከላካይ ከዚያ ወዲህም አላየሁም። አገጩን ትከሻው ውስጥ ደብቆ፣ ወገቡን ብቻ ሰበር እያደረገ፣ ቡጢህን ነፋስ ላይ ያሳርፍልሃል። እኔ የቆመበትን እየመታሁ እሱ ጎኔ ቆሞ «ያ አኺ፣ እዚህ ነኝ» ይለኝ ነበር። ያ አኺ ወንድሜ ማለት ነው። ሌላው ሁሉ «ሰፋሪው» ሲለኝ እሱ ብቻ ነው እንዲህ ያለኝ። የመጀመሪያ ሸራ ጫማዬንም የሰጠኝ እሱ ነው፤ በባዶ እግር የሚገጥም ሰው እያየሁ ሳቄን መያዝ አልችልም ብሎ።

አንድ ቀን አስር አለቃው ወሬ ይዞ መጣ። ለአዲስ አበባ ቡድን ከየክብደቱ አንድ ሰው ይመረጣል። በኛ ክብደት ያለነው እኔና ባቢክር ነን። ያሸነፈ ይሄዳል፤ አልጋ፣ ምግብ፣ ደሞዝ አለው። ለባቢክር ይሄ ክብር ነበር። ለኔ ግን ከዚያ በቁጥር ከሚጠራ መንደር መውጫ በር ነበር፤ ሌላ በር ደግሞ አልነበረኝም።

ግጥሚያው ረመዳን ላይ ዋለ፤ ያውም ማንጎ በሚበስልበት፣ ዝናብ ገና ባልጣለበት፣ አየሩ እንደ ምድጃ አፍ በሚነድበት ወር። የሚመርጠው እንግዳ ሳይመሽ መንገድ መጀመር አለበት ተብሎ ከቀትር በኋላ ተደረገ። አስር አለቃው ተቆጣ።

«ፍቱ! በዚህ ሙቀት በጾም ቦክስ የለም!»

«ወላሂ አልፈታም» አለ ባቢክር። «ሰይድም አይፈታም። ሁለታችን ጾመኛ፤ እኩል ነን።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አይደለም እንዴ፣ ያ አኺ?»

«እኩል ነን» አልኩ። እጅ ለእጅ ተጨባበጥን።

አስር አለቃው ባቢክርን እንደ ልጁ ይወደው ነበር፤ ለኔ ግን ያዝንልኛል መሰለኝ፣ ለብቻዬ ጠራኝ። «ራሱን አትፈልግ» አለኝ። «ራሱን አታገኘውም። ክንዱን ምታ፤ ክንድ የትም አይሸሽም። ከኋላው አትሩጥ፣ ወደሚሄድበት ቀድመህ ቁም። ጥግ ሲገባ ደረቱ ላይ ተለጠፍ። ሦስት ይምታህ፣ አንተ አንድ ምታ፤ አንዷ ግን ጎኑ ላይ ትረፍ። እግር ውሃ የሚጠጣው ከሆድ ነው። ሆዱን ካደረቅከው እግሩ ይቆማል።»

«የኔስ ሆድ? የኔ አይደርቅም?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ» አለኝ።

ይህቺ ቃል ናት ያበላሸችኝ። አይደለም፤ የተበላሸሁት ራሴ ነኝ፣ በሰው ማሳበብ አልፈልግም።

የግጥሚያው ቀን ከመንደራችን በእግሬ ተነሳሁ። መንገዱ ዳር ለዳር ማንጎ ነው። የበሰለው ወድቆ፣ ተሰንጥቆ፣ ንብ ሰፍሮበት፣ ጠረኑ አፈሩን ሁሉ ይዞታል። ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣብቋል። ሦስተኛው ዙር ላይ እግሬ ከባቢክር እግር ቀድሞ ሲቆም ታየኝ። ግራ ቀኝ አየሁ፤ ሰው የለም። አንዱን አንስቼ በጥርሴ ላጥኩት። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ወንዙ ዳር ተንበርክኬ እንደ ከብት ጠጣሁ። ፊቴንና ደረቴን በደንብ ታጠብኩ። ስነሳ ከመንገዱ ደቃቅ አቧራ ቆንጥሬ ከንፈሬን ቀባሁት፤ የደረቀ እንዲመስል። ዛሬም ማንጎ መብላቴን ሳስብ አፍራለሁ፤ አቧራውን ሳስብ ግን ራሴን መምታት ያምረኛል። መብላቱን ጥም ነው ያስደረገኝ። አቧራውን ያሰብኩት ግን ጠግቤ ነው።

ባቢክር መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። የኔን አየና «አይዞን፣ መግሪብ ቅርብ ነው፣ ጾም እንፈታለን» አለኝ።

የመጀመሪያው ዙር የሱ ነበር። ሰዉ ሳቀብኝ። «ሰፋሪው! ንብ ነው የምታባርረው?» ብሎ አንዱ ጮኸ። ሁለተኛው ላይ ክንዱን መምታት ጀመርኩ። ሲከላከል ክንዱን፣ ሲሸሽ ትከሻውን፣ ባገኘሁት ቦታ ሁሉ። ነጥብ ሆኖ አይቆጠርልኝም፤ ግድ አልነበረኝም። ጥርሴ መሀል የማንጎ ጭረት ተሰክቶ ነበር፤ ምላሴ ሳልፈልግ እየሄደ ይነካዋል። ስንያያዝ ትንፋሼ አፍንጫው እንዳይደርስ አፌን እዘጋለሁ።

ሦስተኛው ዙር ላይ እጁ ወረደ። ጥግ አስገባሁት፣ ግንባሬን ደረቱ ላይ አሳረፍኩ፣ ከቀኝ ጎድኑ ሥር ደግሜ ደጋግሜ መታሁት። ቆዳው ደርቆ ነበር፤ ላብ የሚባል አልቆበት ነበር። እኔ ላቤ ይንጠባጠባል። ሲንበረከክ አየሁት። ተነሣ። እንደገና መታሁት፤ ዳኛው ገብቶ ግጥሚያውን አቆመ።

ወጥቼ ግድግዳው ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። ሰዉ መጥቶ ጀርባዬን ይመታል፤ እስከዚያ ቀን ስሜን የማያውቁ ሰዎች ሰይድ፣ ሰይድ ይሉኛል። አዛን ሲል ባቢክር ጎኑን በአንድ እጁ ይዞ መጣ። በሌላው እጁ ተምር ይዟል። ጾመኛን ያስፈጠረ፣ ጾሙን ያስፈታ፣ ምንዳ አለው፤ በኛ ዘንድ ሰው ለራሱ ከመቅመሱ በፊት ለሌላው ማጉረስ ይወዳል።

«አንተ ቅደም፣ ያ አኺ» አለኝ። «ዛሬ ጾምህ ከኔ ጾም ይበልጣል።»

አፌን ከፈትኩ። ተምሩን ራሱ አጎረሰኝ። ከማንጎው ጭረት ጋር አኝኬ ዋጥኩት።

አዲስ አበባ ሄድኩ። እዚያ በመጀመሪያው ግጥሚያ አንድ ልጅ አስተኛኝ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ጆንያዬ መለሱኝ። ስመለስ ባቢክር ቦክስ ትቷል። ከዚያ ቀን በኋላ ለብዙ ጊዜ ደም ይሸና እንደነበር እናቱ ነገሩኝ። እስከ ዛሬ ከተቀመጠበት ሲነሳ ጎኑን ይዞ ነው። ስለበላሁት ጾም ሼህ ጠይቄ፣ ያዘዙኝን ሁሉ ጾሜ ጨርሻለሁ። ያ በአላህና በኔ መካከል ነው። ባቢክር ሲነሳ ግን ዓይኔን ወዴት እንደማደርገው ዛሬም አላውቅም።

እናም ዘንድሮ ዘይነብ ስትጠይቀኝ አስር አለቃው ያለኝን ሁሉ ነገርኳት። ክንዷን ምቺ፤ አትከተያት፣ ቀድመሽ ቁሚ፤ ሦስት ተቀብለሽ አንድ ስጪ፣ ጎኗ ላይ።

«ትልቁን ነገር አልነገረህም» አለ ባቢክር ለዘይነብ። «እኔ ጠምቶኛል፣ ሞቻለሁ። እሱ ግን ላቡ እንደ ዝናብ! በጾም! ይሄ ጉልበት አይደለም፣ ኢማን ነው፣ እምነት!»

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። «ማንጎ በልቼ ነበር» አልኩ። «ወንዙ ላይ ውሃም ጠጥቻለሁ። ከንፈሬን አቧራ የቀባሁት አንተን ለማታለል ነው።»

ባቢክር ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ሳቀ፤ ጎኑን ይዞ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ይሄን ሰው አያችሁ? አርጅቷል፣ አዝኗል ብሎ እኔን ለማጽናናት ይዋሻል! በረመዳን ይዋሻል!» አዛን አለ። ተምሩን አንሥቶ አፌ ላይ አመጣው። ጎረስኩ። ምን ላድርግ?

ዘይነብ አልሳቀችም። ስወጣ እስከ በሩ ሸኘችኝ።

«እውነት ነው አይደል?»

«እውነት ነው።»

«እና ዘዴውስ? ይሠራል?»

ማንጎውን ባልበላስ አሸንፈው ነበር? ምናልባት አሸንፈው ነበር። ምናልባት ክንዱን መምታቱ ብቻ ይበቃ ነበር። ይሄን ግን እኔም አላውቅ፣ ማንም አይነግረኝም። በሕይወቴ ያሸነፍኩት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም የራሴ መሆኑን ሳላውቅ ነው የምሞተው። «አንቺ ሞክሪውና ንገሪኝ» አልኳት።

በአፌ ስነግረው ስላላመነኝ ይኸው ጻፍኩት። ማንበብ ዘግይቼ ብማርም እጄ ቀጥ ብሎ ይጽፋል። ዘይነብ ታነብለታለች። የሚመጣው ረመዳን ላይ፣ ከጠራኝ፣ ተምሩን መጀመሪያ እኔ ነኝ የማጎርሰው።